ከቅሬው አካፋ የተቆረጠ ብረት

ዛሬ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፀሐይ ስሞቅ አንድ ጎረምሳ በሞተር ሳይክል ሽው ብሎ አለፈ። እሱ አለፈ፤ ጆሮዬ ግን አላሳለፈውም። ከሞተሩ ጩኸት ሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ ነበረች፤ ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ... የምትል፣ ጥርሱ የሚወዛወዝ ሽማግሌ ቆሎ ሲሞክር የሚያሰማት ዓይነት። ይህን ድምፅ በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንደኛ ሽማግሌው ራሴ ነኝ፣ ሁለተኛ በጎረምሳነቴ የመካነ ሰላምን አቀበትና ቁልቁለት በሞተር የፈጀሁ ሰው ነኝ። "አንተ ልጅ! ፒኞንህ ላልቷል!" ብዬ ጮህኩ። ልጁ በሁለቱም ጆሮው ዘፈን ሰክቶ ኖሮ ዞሮም አላየኝ። የሰማችኝ ጎረቤቴ ብቻ ናት፤ በአጥር ብቅ ብላ "ጋሼ፣ ደግሞ ዛሬ ከማን ጋር ነው የተጣሉት?" አለችኝ። "ከብረት ጋር" አልኳት። "ይበሉ ቀስ ብለው ይጣሉ፣ ወገብዎን" ብላ ገባች።

ሞተር ለማያውቅ ልንገረው። ፒኞን የምንላት የሞተር ሳይክል ትንሿ የፊት ጥርስ ናት፤ ካቴናውን የምትጎትት፣ ጉልበቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ የምትልክ። በአንድ ዳዶ ትታሰራለች። ዳዶው ተመልሶ እንዳይፈታ ደግሞ ከሥሩ ሮንዴላ የምትባል ስስ ቆርቆሮ ትገባለች፤ ጆሮዋ ወደ ላይ ታጥፎ ዳዶውን አንቆ ይይዛል። ያቺ ጆሮ ከተቆረጠች ዳዶው ይላላል፣ ፒኞኗ ትወዛወዛለች፣ ካቴናው ይወልቃል፣ ጌታው ደግሞ ሞተሩን እየገፋ በእግሩ ይሄዳል። ዛሬ እዚሁ መካነ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ሮንዴላ ብትሉት ባለ ሱቁ እፍኝ ሙሉ ይዘረግፍላችኋል። ያኔ ግን ከደሴ ወዲህ የሮንዴላ ሱቅ አልነበረም። ከደሴ ወዲህ ብዙ ነገር አልነበረም።

ያኔ የምለውን ዓመት አትጠይቁኝ። ንጉሡ ሊወርዱ ነው የተባለበት ይሁን ወርደው ያደሩበት፣ አሁን ይምታታብኛል፤ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ የወታደር ሙዚቃ ያሰማ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። የማይምታታብኝ ልብሴ ነው። ደሴ ፒያሳ ያሰፋሁት ቡና ዓይነት ቤልቦተም ሱሪ ነበረኝ፤ ከታች ስፋቱ ሁለት ዶሮ ያስጠልላል። ከሱ ሥር ባለ ወፍራም ታኮ ጫማ፣ ከላይ ሰፊ አንገት ያለው ሸሚዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎፈሬዬ። ዛሬ ባርኔጣ የማደርገው ለፀሐይ ይመስላችኋል? ለሐዘን ነው። ታዲያ በዚያ ጎፈሬ ላይ ጥቁር መነጽር ሰክቼ የጤና ጣቢያውን ሞተር ስነዳ ራሴን የሲኒማ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር። ሥራዬ ሞተረኛ ነው፤ ከአቀስታ ደብዳቤና መድኃኒት ጭኖ መካነ ሰላም ማድረስ። የደሴ ልጅ ነኝ ብዬ ስኩራራ፣ አቀስታ ያለችው ሻይ ቤት ገብቼ በአንድ ስሙኒ ሻይ ከነፓስቲው አዝዤ መልሱን "ያዥው" እላለሁ። ሻይ ቤቷ አንድ ሸክላ ብቻ ነበራት፤ ተጭሮ ስለነበር "ናፍቆቴ" ከምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እየዘለለ ይመለሳል። አሳላፊዋ ልጅ ሳትጠራ መጥታ በጣቷ መታ ታደርገዋለች። እሷን ከኋላዬ ጭኜ ከተማውን አንዴ መዞር ነበር የዚያን ዘመን ትልቁ ዓላማዬ። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም፤ የምታየው ሸክላውን ነበር።

ከአቀስታ ወጥቶ መካነ ሰላም ወዳለችበት ወደ ወሎ ቦረና መንገድ ሲጀመር ግን መኩራራቱ ይበርድ ነበር። መቼም ያን ረሃብ ያዩ ያውቁታል። በመንገዱ ዳር የቆሙ ቤቶች በር አልነበራቸውም፤ በሩ ገበያ ወጥቷል። የገበያ ቀን መካነ ሰላም ብትሄዱ የሚሸጠው እህል ሳይሆን በር፣ አልጋ፣ ማረሻ፣ የጣሪያ እንጨት ነበር፤ ሁሉም ሻጭ፣ ገዢ የለም። ሰው ከሰው ዓይኑን ይሰብር ነበር፣ እንዳይጠይቅም እንዳይጠየቅም። ከመካነ ሰላም ጫፍ ላይ በቆርቆሮና በሸራ መጠለያ ተሠርቶ ነበር፤ አቅም ያለው በእግሩ፣ አቅም ያጣው በቃሬዛ እዚያ ይገባል። ክረምቱ ሲጀምር ደግሞ መጠለያው ውስጥ ግርሻ ገባ። ቅማል የሚያመጣው፣ ለቀቀ ሲሉት ተመልሶ የሚይዝ ትኩሳት ነው፤ የተራበ ሰው ሁለተኛውን ዙር አይችለውም። የመጠለያው ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋው የጤና ሠራተኛ፣ በመጨረሻ የላከልኝ ቃል አጭር ነበር፦ "መርፌው አልቋል። ዛሬ ካልደረሰ ነገ ለማን እንደምሰጠው አላውቅም።" የጭነት መኪና በጭቃው አያልፍም። ያለው እኔና ሞተሬ ነን።

መድኃኒቱን በአንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ተቀብዬ ማለዳ ከአቀስታ ወጣሁ። ጅብራ ሜዳ ከምትባል መንደር በላይ፣ ብርዱ ጆሮ የሚቆርጥበት ጋራ ላይ ስደርስ ያቺ ድምፅ ጀመረች። ቀጭ... ቀጭ... እንዳልሰማሁ ሆኜ ጥቂት ነዳሁ። ከዚያ ካቴናው ጓ! ብሎ ወለቀ፣ ሞተሩ ብቻውን አገሳ፣ እኔ ደግሞ ከነቤልቦተሜ ጭቃ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሽፋኑን ስፈታው የሮንዴላዋ ጆሮ ተቆርጦ ወድቋል፣ ዳዶው በጣት ይዞራል። አጠበቅሁት፤ ሳኝከው የነበረውን ማስቲካም አውጥቼ ዳዶው ላይ ለጠፍኩ፣ በማስቲካ የቆመ ሞተር ባይታወቅም። ነዳሁ፤ ከአንድ መታጠፊያ አላለፈም። ቀጥሎ የሰፊ ቀበቶዬን ቆዳ ቆርጬ ጠቀጠቅሁበት። ይህኛው እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ አደረሰኝ፤ ትርፉ ሱሪዬን በአንድ እጄ መያዝ ነበር። በቅሎ ቢገኝ በለመንኩ ነበር፤ በቅሎዎቹ አልቀዋል። በእግር ከሄድኩ የምደርሰው ነገ ማታ ነው። ነገ ማታ ደግሞ ለማን?

እንዲህ ሱሪዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ ከመቃብር የሚመለሱ ሰዎች ከተፍ አሉ። የጅብራ ሜዳ ቅሬ ነበር። ለሌላ አገር ሰው ቅሬ ምን እንደሆነ ልንገር፤ በወሎ እስላም ክርስቲያን ሳይል የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚገባበት የቀብር ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጥሪ ይወጣል፣ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፣ ይቆፍራል፣ ይሸከማል፣ ያስተዛዝናል። ያልወጣ ይቀጣል። በዚያ ክረምት ቅሬ ዕረፍት አልነበረውም። ከፊት ሁለት ሰዎች ባዶ ቃሬዛ ተሸክመዋል፤ ከኋላቸው የቅሬው ዳኛ አያ ይመር አካፋ ትከሻቸው ላይ አጋድመው በጭቃው እየተንገታገቱ ይመጣሉ። ረጅም፣ ጉንጫቸው የጎደለ፣ ነጭ ጥምጣም ያሰሩ ሰው ናቸው። ሞተሩን አዩ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሱሪዬን የያዘውን እጄን።

"ይህ ጎፈሬ ምን ሆኖ ነው?" አሉ።

"ሞተሬ ተበላሽቶብኝ ነው፣ አያ።"

"ሞተ?"

"አልሞተም፣ ታሞ ነው።"

"ከሞተ ቃሬዛው ባዶ ነው፤ አፈሩም ገና አልደረቀም" አለ ከፊት ተሸካሚዎቹ አንዱ። ደበበ ይባላል፤ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ፊቱ ሳይስቅ የሚያስቅ ሰው። በዚያ ክረምት በሳቅ የተገናኘሁት የመጀመሪያው ሰው ነው መሰለኝ፤ ከረሃቡ በፊት ስንቱን እንዳሳቀ እንጃ።

ስለ መርፌው ነገርኳቸው። መጠለያ ስል ከኋላ የነበረች አንዲት ሴት ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች። ዘይነባ ትባላለች። ልጇ ሰአዳ በግርሻ ተይዛ ከአክስቷ ጋር መጠለያው ውስጥ ተኝታለች፤ እናት ወደ መንደር የተመለሰችው የገዛ አማቷን ልትቀብር ነው፣ የዕለቱም ቀብር እሱ ነበር። "መድኃኒቱ የታለ?" አለችኝ። ሣጥኑን አሳየኋት። ሳትጠይቀኝ አነሳችው፣ በነጠላዋ ጠቀለለችው፣ በአንቀልባ አዘለችው። "እኔ በእግሬ እሄዳለሁ።"

"እቴ፣ በእግር ነገ ማታ ነው" አልኳት።

"ታዲያ ይህን ብረት ሥራው!"

እንግዲህ ሌላ መሥሪያ ነገር ፈልጌ ዓይኔን ሳዞር ነው አካፋውን ያየሁት። ያን ሁሉ ወር በድንጋያማ መሬት መቃብር ሲቆፈርበት ጠርዙ ተበልቶ ተበልቶ ስስ ሆኗል። ልክ የሮንዴላ ውፍረት! ከማዕዘኑ የጣት ያህል ብቆርጥ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት መሐሉን ከፍቼ ከዳዶው ሥር ባስገባው፣ አንዱን እግሩን በፒኞኗ ቀዳዳ፣ ሌላውን ዳዶው ላይ ባጥፈው ይይዛል። "አያ ይመር፣ ከዚያ አካፋ ጥግ ትንሽ ብቻ ልቁረጥ" አልኩ።

ሁሉም አፈጠጡብኝ። መቼም አፌ ያመጣብኝን አላውቅም፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ላቅልጥ ያልኩ ነበር የመሰላቸው። የቅሬ ዕቃ የአንድ ሰው አይደለም። ዳኛው እንኳ ብቻቸውን አይሰጡትም፤ ቅሬው ተቀምጦ መስማማት አለበት። ደግሞም ለቅሬ እንግዳ የሆነ ሰው የቅሬን ዕቃ ከመንደር ይዞ አይወጣም፤ ከጥንት እንዲህ ነው። "እንቀመጥ" አሉ አያ ይመር። ዝናቡ እያስፈራራ፣ እኔ እየተቁነጠነጥኩ፣ ሁሉም እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ደበበ ተናገረ። አሁን አልቀለደም። "ያለን አንድ አካፋ ነው። ዶማው ከተሰበረ ቆየ። ይህ ከማዕዘኑ ከተቆረጠ ይሰነጠቃል። ነገ ጥሪ ቢወጣ በምን ልንቆፍር ነው? በእጃችን?"

"እውነቱን ነው" አለ ሌላው። "ሟችን ሳይቀብሩ ማሳደር ነውር ነው።"

ጭንቅላቶች ተነቀነቁ። እነሱን ማማት አይቻልም፤ ርሃብ ሁሉን ነገር ነጥቋቸው የቀራቸው ክብር ሰውን በወጉ መቅበር ብቻ ነበር፣ እሷንም በዚያች አካፋ ነበር የያዟት። እኔ ጎፈሬዬን እከካለሁ። በዚያ ዘመን ሴት በቅሬ ሸንጎ አትናገርም። ዘይነባ ግን ሣጥኑን እንዳዘለች ቆማ፣

"አያ ይመር፣ አንቱን አንድ ልጠይቅ" አለች።

"ጠይቂ።"

"አካፋውን የምታስቀምጡት ለሰአዳዬ ነው?"

አያ ይመር አካፋውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ስምህ ማነው?"

"ተፈራ።"

"ሬሳ ተሸክመህ ታውቃለህ፣ ተፈራ?"

"አላውቅም" አልኩ። እውነት ነው፤ ከፀጉር ማበጠሪያ የከበደ ነገር የምሸከም ልጅ አልነበርኩም።

"ትማራለህ። ከዛሬ ጀምሮ የጅብራ ሜዳ ቅሬተኛ ነህ። ጥሪ ስትሰማ፣ ሸክላ ስታዳምጥም ብትሆን፣ ትመጣለህ።" ሸክላውን በምን እንዳወቁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ መልኬ ላይ ተጽፎ ነበር መሰለኝ። "ብረቱ የቅሬ ንብረት ነው። አልሰጠንህም፣ አስያዝንህ። በዚህ ባለፍክ ቁጥር አቁመህ ታሳየኛለህ። ለቅቆ ካገኘሁት እነጥቅሃለሁ።"

"እሺ።"

"ደበበ፣ ምን ትላለህ?"

ደበበ አካፋውን አየ፣ ዘይነባን አየ። "ምሳር ላምጣ" ብሎ ተነሳ። አያ ይመር እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም "አሚን" አለ፣ እኔም አልኩ። በወሎ ማን ይለየዋል።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተቀመጠም። አካፋውን ድንጋይ ላይ አስተኛነው፤ ደበበ የምሳሩን ስለት ባሰመርኩት ምልክት ላይ ያዘልኝ፣ እኔ በድንጋይ ምሳሩን ከላይ እመታለሁ። ሁለተኛው ምት የራሴን አውራ ጣት አገኘው። "ብረቱ ወዲህ ነው" አለኝ ደበበ። ብረቷ ተቆርጣ ስትወድቅ ደረቅ ናት፤ ስታጥፏት የምትሰበር። ስለዚህ ከቅርቡ ቤት ምድጃ ፍም ውስጥ እስክትቀላ አስገባናት፣ ከዚያ አመድ አልብሰን ቀስ ብላ እንድትበርድ ተውናት። ይህን መጠበቅ ነው የከበደኝ። ዘይነባ ደጃፉ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ሣጥኑን እንዳዘለች ታወዛውዘዋለች፣ እንደሚያለቅስ ሕፃን። "አብሽሪ" አሏት አያ ይመር። "አላበሽርም" አለች።

ቅርጿን አስተካክዬ ከዳዶው ሥር አስገባሁ። አሁን ዳዶው ባለ በሌለ ኃይል መጥበቅ አለበት፤ ሲጠብቅ ግን ፒኞኗ አብራ እንዳትዞር ሞተሩ ማርሽ ውስጥ ገብቶ፣ አንድ ሰው ላዩ ተቀምጦ የኋላ ፍሬኑን መርገጥ አለበት። አያ ይመር "እኔ እቀመጣለሁ፣ ዳኛው እኔ ነኝ" አሉ። ደግፈን አወጣናቸው። መሪውን እንደ ልጓም ግጥም አድርገው ያዙ።

"ትራገጣለች?"

"አትራገጥም፣ አያ ይመር። ሞተሯ ጠፍቷል።"

"ከጠፋ ለምን እርገጡ ትለኛለህ?"

"እግርዎን ብቻ አያንሱ!"

"እኔ እግሬን አነሳ? አንተ ሱሪህን ያዝ!"

ሱሪዬን ለቀቅሁት። ምን ላድርግ፣ ለመፍቻው ሁለቱም እጆቼ ያስፈልጉኛል። ደበበ ከኋላዬ ሆኖ ወገቤ ላይ ገመድ አሰረልኝ፤ ሌሎቹ ሞተሩን ግራና ቀኝ ይዘው አቆሙት። መፍቻው ላይ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩ፤ ክብደቴ ደግሞ ያኔ ጎፈሬው ብቻ ነበር። ደበበ መጥቶ በእጄ ላይ እጁን ደረበ። አንድ ላይ ስንጫን ዳዶው ጭጭ... ብሎ ቆመ። ከዚያ የብረቷን አንድ እግር በፒኞኗ ቀዳዳ ውስጥ አጠፍኩ፣ ሌላውን በፒንሳ ጎትቼ ዳዶው ጎን ላይ በድንጋይ ደፈጠጥኩት። በሥራዬ ዘመን ብዙ ብረት አስሬያለሁ፤ እንደዚያ ያሰርኩት የለም።

ካቴናውን መልሼ ሞተሩን ስቀሰቅሰው አያ ይመር ገና አልወረዱም ነበር። አገሳ። ጥምጣማቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። "ያረህማን! ይቺ ነች ጠፍታለች ያልካት?" እያሉ ስድስት ሰው ነው ያወረዳቸው።

ልነሳ ስል ዘይነባ መጥታ ከኋላዬ ተቀመጠች፤ እግሯን ወደ አንድ ጎን አድርጋ፣ ሣጥኑን እንዳዘለች። ያኔ ሴት ሞተር ላይ ስትወጣ አይታይም፣ ያውም የማታውቀው ጎፈሬ ወንድ ጀርባ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ዳኛው አዞረ። እሷ ግን ለማንም ሳትሆን ለእኔ፣ "ብረቱ ቢለቅ እዚያው ወርጄ በእግሬ እቀጥላለሁ። ንዳ" አለችኝ። እንግዲህ ያን ሁሉ ጊዜ ሳልመው የኖርኩት፣ ሴት ከኋላ ጭኖ መንዳት፣ በዚህ መልክ ደረሰልኝ፤ ወገቤ በገመድ ታስሮ፣ ጭቃ ለብሼ፣ ከኋላዬ "ምነው ዝግ አልክ!" እያለች የምትቆጣ ሴት ይዤ። ቁልቁለቱ ላይ ጆሮዬ ያለው ፒኞኗ ላይ ነው። ወንዙን ስንሻገር ወርዳ በውሃው ውስጥ ሞተሩን ከእኔ ጋር ገፋች። አቀበቱ ሲከብድ ሳልነግራት ትወርዳለች፣ ሜዳው ሲመጣ ትወጣለች። ድምፅ የለም። ቀጭ የሚል የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መጠለያው በር ደረስን። ዘበኛው መድኃኒቱን እንጂ ሰው አያስገባም፤ ትኩሳቱ እንዳይዛመት ጤነኛ ሰው አይገባም ተብሏል። "እሷ ማናት?" አለኝ። መልስ ስፈልግ፣ ወደ እሷ ዞሮ "ይህ ምንሽ ነው?" አላት።

"የቅሬዬ ሰው ነው" አለች። "መድኃኒቱ ደግሞ ጀርባዬ ላይ ነው። ከፈለግህ ፍታልኝ።" ዘበኛው ወሎዬ ነበር፤ በሩን ከፈተ።

ድሬሰሩ መርፌውን የጀመረው በዚያው ሰዓት ነው። እኔ ደጅ ሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጠበቅሁ፤ ማን እንደሚድን ማን እንደማይድን መጠየቅም ፈራሁ። የማይድኑም ነበሩ፤ በዚያው ምሽት ከዚያ በር የወጣ ቃሬዛ አይቻለሁ። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ዘይነባ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል። አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"አላባት" አለችኝ። "እንደ ውሃ አላባት። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ 'እማ፣ ምን ቤት ነው ያለነው?' አለችኝ።"

መሬት መሬት አየሁ። እሷ ግን እጇን ዘረጋች።

"በል ብረታችንን ፍታና ስጠኝ።"

"ምን?"

"የቅሬ ነው። ሳስታምም ከርሜ ስመለስ ይዤው እገባለሁ።"

"እቴ፣ ብረቱን ከፈታሁማ በምን ልመለስ ነው? ሌላ ሣጥን አቀስታ ይጠብቀኛል። ድሬሰሩ ይህ ለሳምንት አይበቃም ብሏል።"

አሰበች። ወደ መጠለያው ዞራ አየች፤ እዚያ ውስጥ ያሉት የሷ ልጅ ብቻ አይደሉም። እጇን ሰበሰበች። "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?" አለችኝ።

ያን ክረምት በሙሉ ተመላለስኩ። ጥሪ ሲደርሰኝም ወጣሁ፤ መሸከምም መቆፈርም ተማርኩ። ቤልቦተሙ ጭቃው ውስጥ አለቀ፤ ሻይ ቤቷንም ረሳኋት፣ ወይም እሷ ስላላስታወሰችኝ ረሳኋት ማለት ይቀለኛል። ሣጥን ጭኜ በጅብራ ሜዳ ሳልፍ ግን አንድም ቀን ሳላቆም አላለፍኩም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ብቸኩል፣ አያ ይመር የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምተው መንገዱ ላይ ወጥተው ይጠብቁኛል። ሽፋኑን እፈታለሁ። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ይንበረከካሉ፣ የቅሬውን ብረት በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል፣ ግራ ያደርጉታል፣ ቀኝ ያደርጉታል። ከዚያ ሳያዩኝ፣

"ጠብቋል" ይላሉ። "ሂድ።"